ላልሞተ ሰው ያልተጻፈው መስመር

ወይንእሸት ወልደ ኪዳንን ለማያውቃት ሰው ባጭሩ ላስተዋውቅ ብል፣ ብቸና ላይ ስልክ የምትጠግን ሴት ናት ማለት ይበቃኝ ነበር። ግን እሷ ስትሰማ ትቆጣለች። ስልክ መጠገን እንጀራዋ እንጂ ሙያዋ አይደለም፤ ሙያዋ የስልክ አፕ መሥራት ነው። በ2007 ዓ.ም. ብቸና ላይ «አፕ እሠራለሁ» ያለን ሰው ማንም አይቃወመውም፣ ማንም አይሰማውምም። ሰው አንገቱን ይነቀንቅና «ጎበዝ፣ በርቺ፤ እስኪ የዚችን ስልክ ድምፅ ማጉያ እዪልኝ» ይላል።

እኔ ሰማው እባላለሁ። አንዲት የቆርቆሮ ሱቅ ለሁለት ተከራይተን፣ በግራ በኩል እኔ ሚሞሪ ላይ ዘፈንና መዝሙር እጭናለሁ፣ በቀኝ በኩል እሷ ስልክ ትፈታለች። ድሮ ካሴት ነበር የምሸጠው። ካሴትን ገድሎ የቀበረው ስልክ ስለሆነ፣ ስልክ ከምታድን ሴት ጋር ጎን ለጎን መዋል አንዳንዴ ደሜን ያፈላዋል። ቢሆንም ከእሷ የተሻለ ጎረቤት አላገኘሁም። ሰው አታማም፤ የሰው ዕቃ አትነካም። «ዘፈኑን ቀንሰው» ስትል ግን እንደ ዳኛ ነው የምታዘው።

ለደንበኛም ትዕግሥት የላትም። አንዱ መጥቶ «ስልኬ እንዲሁ በራሱ ጊዜ ተበላሸ» ሲላት፣ ከፍታ ታየውና ውስጡ ጭቃ ታገኛለች። «በራሱ ጊዜ ተነስቶ ወንዝ ወረደ?» ትለዋለች። ሰውየው ይስቃል፤ እሷ አትስቅም። ሠርታ ስትሰጠው ግን በእጁ ይዞ እስኪያረጋግጥ ድረስ ዓይኗን ከፊቱ አታነሳም። ስልኩ ሲበራና ሰውየው ፈገግ ሲል ያኔ ብቻ ፊቷ ይፈታል።

ከዚህ የተነሳ ገበያተኛው «የስልክ ነርስ» የሚል ስም አወጣላት። ለሌላ ሰው ይህ ሙገሳ ነው። እሷን ግን ያማት ነበር። ስሟን እንዲያ ብለው ሲጠሯት መፍቻዋን አስቀምጣ ከሱቁ ትወጣና ጥግ ላይ ትቆም ነበር። ምክንያቱን የነገረችኝ ስንቆይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አባቷ አቶ ወልደ ኪዳን ሞጣ ከተማ ውስጥ አናጢ ናቸው። እናቷ ለብዙ ጊዜ ታመው ስለነበር፣ ልጅቱ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ነርስነት ሲደርሳት አባትየው ለሞጣ ሰው ሁሉ «ለቤቴ ሐኪም እየተማረችልኝ ነው» ብለው አወሩ። ወይንእሸት ግን ደም ስታይ ራሷን ትስታለች። ለማንም ሳትናገር ትምህርቷን ወደ ኮምፒውተር ቀየረች። በተመረቀች ዓመት እናቷ አረፉ። አባትየው በለቅሶው ድንኳን ውስጥ፣ ሰው ሁሉ ተቀምጦ ሳለ፣ «ነርስ ብትሆኚ ኖሮ እናትሽ አትሞትም ነበር» አሏት።

እሷም ለቅሶው እንዳበቃ ሻንጣዋን ይዛ ከሞጣ ወጣች። ወዴት እንደምትሄድ እንኳ አላወቀችም። አውቶቡሱ ብቸና ለምሳ ሲቆም ወረደች፣ የሚከራይ ሱቅ አየች፣ ቀረች። ከዚያ በኋላ ዓመታት አለፉ፤ እሷ ሞጣን አልረገጠችም፣ እሳቸውም ብቸና አልመጡም። ለበዓል እንኳ አይደዋወሉም። «ቁጥራቸውን በቃሌ አውቀዋለሁ» አለችኝ አንድ ጊዜ። «ታዲያ ለምን አትደውዪም?» ስላት «እሳቸውም የእኔን ያውቁታል» አለች። ግትርነቱ ከማን እንደመጣ ለመገመት አባትየውን ማየት አላስፈለገኝም።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ። የእኛ የገበያ ዳር እድር ሊቀመንበር ጋሼ ሣህለ ማርያም ይባላሉ። ጡረተኛ ናቸው፤ ነገር ሁሉ በሥርዓት ካልሆነ እንቅልፍ አይወስዳቸውም። በእድር ሕግ አባል ብቻ ሳይሆን የአባል አባት፣ እናት፣ ወንድም፣ እህትና ልጅም ይመዘገባሉ፤ ሰው ሲሞት ድንኳኑ የሚተከለው፣ ሰዉም የሚቀመጠው በዝምድናው ልክ ነው። ችግሩ ቤተሰብ ቆሞ አይጠብቅም። ይወለዳል፣ ይጋባል፣ ይሞታል። ጋሼ ሣህለ ማርያም መዝገቡን እየሰረዙና እየደለዙ፣ በመጨረሻ የራሳቸውን ጽሑፍ ማንበብ አቃታቸው። ወይንእሸት ይህን ሰማችና «ስልክ ላይ ልሥራላችሁ» አለች።

የሠራችው ነገር ሲታይ ቀላል ነው። ስልኩ ላይ የአባላት ስም ከላይ ወደ ታች ተደርድሯል። አንዱን ስም በጣት ነካ ስታደርገው እንደ በር ይከፈትና ቤተሰቡ ከሥሩ ይዘረጋል፦ አባት እከሌ፣ የሚኖሩት የጥኖራ ከተማ፤ እህት እከሊት፣ የምትኖረው አማኑኤል። ድጋሚ ስትነካው ይዘጋል። የሞተ ሰው ካለ መስመሩ ጥቁር ይሆንና «አርፈዋል» ይላል። እኔ ሳየው «ለዚህ ነው እንዴ ክረምቱን በሙሉ ዓይንሽን ያጠፋሽው?» አልኳት። ቀና ብላም አላየችኝ።

ልፋቱ ከበሩ ጀርባ ነበር። መጀመሪያ ላይ ስሞቹን አንድ በአንድ እዚያው አፑ ውስጥ ነበር የጻፈቻቸው። ስለዚህ አንድ ሰው በወለደ ቁጥር አፑን እንደገና ሠርታ የሁሉንም ስልክ ሰብስባ መጫን ነበረባት። የእሷ ነገር ሆነና የዚያን ክረምት ገበያ ዳር ያልወለደ የለም። አንድ ቀን ላፕቶፗን ጠርቅማ ዘጋችና «ስሞቹ አፑ ውስጥ መኖር የለባቸውም» አለች። «አፑ በሩን ብቻ ይሥራ። በሩ ሲከፈት የቤቱ ሰው ከውጭ ይምጣ።»

እንዳለችውም አደረገች። ስሞቹን ኢንተርኔት ላይ አስቀመጠቻቸው፤ ጋሼ ሣህለ ማርያም ወይም ጸሐፊው ኃይለ ሚካኤል አዲስ ነገር ሲመዘግቡ፣ የሁሉም አባል ዝርዝር ኔትወርክ ባገኘ ጊዜ ራሱን ያድሳል። ብቸና ላይ ኔትወርክ ያገኘ ጊዜ ማለት መቼ እንደሆነ አትጠይቁኝ። ግን ሠራ። የራሷን ቤተሰብ ያስገባችው ከሁሉም በኋላ ነው። «አባት፣ ወልደ ኪዳን፣ ሞጣ» ብላ ጻፈችና ላፕቶፗን ዘግታ ሻይ ልትጠጣ ሄደች። እድሩ በጥቅምት ወር አፑን መጠቀም ጀመረ፤ ጋሼ ሣህለ ማርያምም ስልካቸውን ከደረት ኪሳቸው እያወጡ ለማያውቁት መንገደኛ ሳይቀር ያሳዩ ነበር።

ኅዳር ላይ የአንድ አባላችን ወንድም የጥኖራ ከተማ ላይ አረፈ። ጸሐፊው መዘገበው፣ መስመሩ ጠቆረ፣ ድንኳን ተተከለ፣ ሁሉም እንደ ሥርዓቱ ሆነ። በሳምንቱ ጋሼ ሣህለ ማርያም ቤታቸው ተቀምጠው ዝርዝሩን በጣታቸው ወደ ታች እየሳቡ ሲያዩ፣ ወይንእሸት ከሚለው ስም ሥር አንድ ጥቁር መስመር አገኙ። «አባት፣ ወልደ ኪዳን፣ ሞጣ። አርፈዋል።»

እዚህ ላይ የእኛን አገር ወግ ለማያውቅ ሰው ነገሩ አይገባውም። ሰው ሲሞት ለባለ ሐዘኑ ብድግ ተብሎ አይነገርም። ዘመድና ጎረቤት በምስጢር ይጠራራል፣ ጎህ ሲቀድ ተሰብስቦ ይሄዳል፣ ያኔ መርዶው ይነገራል። እስከዚያ ድረስ ባለ ሐዘኑ ፊት ስለ ነገሩ ትንፍሽ ማለት ነውር ነው። ስለዚህ ጋሼ ሣህለ ማርያም ስልካቸውን ይዘው ወደ ኃይለ ሚካኤል ሄዱ። «አየህ?» አሉት። ኃይለ ሚካኤል አየና «ነፍስ ይማር» አለ። እሳቸው የመዘገበው እሱ መስሏቸዋል፤ እሱ ደግሞ የመዘገቡት እሳቸው መስሎታል። ሁለቱም ሥርዓት አዋቂ ስለሆኑ «ማን ነገረህ?» የሚባል የወሬኛ ጥያቄ አልተጠያየቁም። አፑ ሊሳሳት ይችላል ብሎ የሚያስረዳቸው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ እሱም ወይንእሸት ናት፣ ፈጽሞ መጠየቅ የሌለባት ባለ ሐዘን።

እኔን ሲጠሩኝ ግን «ሞጣ ደውለን እናረጋግጥ» አልኩ። ይህን ማለቴን ሁሉም ይመሰክራል። ኃይለ ሚካኤል ሞጣ ለሚኖር አለበል ለሚባል እህል ነጋዴ ወዳጁ ደወለ። ሞት ደግሞ በስልክ አይነገርም፣ በስልክም አይጠየቅም።

«ደህና ናችሁ?» አለ ኃይለ ሚካኤል።

«ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«አገር ሰላም ነው? አቶ ወልደ ኪዳንስ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ምነው?»

«አይ፣ እንዲያው ነው» ብሎ ዘጋው።

ጋሼ ሣህለ ማርያም አንገታቸውን እየነቀነቁ «ደበቀን» አሉ። «ድምፁ ያስታውቃል። ደህና ቢሆኑማ ምነው ብሎ ይጠይቅ ነበር?» እኔም፣ እግዚአብሔር ያሳያችሁ፣ አመንኩ። አለበል ሌላ ምን ሊል ይችል እንደነበር እስከ ዛሬ አልገባኝም።

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ ቆምን። ወንዶቹ ጋቢ ለብሰን፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ወይንእሸት በሩን ከፍታ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ ምንም አልጠየቀችም። እንዲህ ያለ ሰዓት እንዲህ ያለ ሰው ለምን እንደሚመጣ ማንም ያውቃል። ዓይኗ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው ፊት ሄደና «አባዬ ናቸው?» አለች። ጋሼ ሣህለ ማርያም «በርቺ ልጄ» ከማለት በቀር አፋቸው አልታዘዘላቸውም።

ያን ያህል ጊዜ አብሬያት ስውል እንባዋን አይቼ አላውቅም ነበር። መሬት ላይ ቁጭ አለችና «ልደውልላቸው ነበር» አለች። «ለገና ልደውልላቸው ነበር። እሳቸው ይደውሉ ብዬ ነው እንጂ።» ይህንኑ ደጋግማ ትላለች። እትዬ ይርጋነሽ፣ የእድራችን ዕቃ ቤት ኃላፊ፣ አቅፈዋት አብረው ያለቅሳሉ። እኔ ከግድግዳው ጋር ተጠግቼ ቆሜ፣ ሰው እንዴት አንድ የስልክ ጥሪ አቅቶት ይህን ያህል ዓመት ይኮራረፋል ብዬ በሁለቱም ተናደድኩ።

ቀብሩ ሳያልፍ ለመድረስ አንድ ቅጥቅጥ አውቶቡስ ተከራይተን ወደ ሞጣ ተነሳን። ደብረ ወርቅን እንዳለፍን ለቅሶው ቀዝቀዝ አለ፤ ሰው ሲደክም እንዲያ ነው። ወይንእሸት መስኮቱን ተደግፋ ስልኳን አወጣች። የአባቷን ስም ማየት ፈልጋ ነው። ፎቶግራፋቸው የላትማ፤ ያላት ያቺ መስመር ብቻ ናት። የራሷን ስም ነካች፣ ተዘረጋ፣ መስመሩ ጥቁር አልነበረም። ኔትወርክ ስለሌለ ይሆናል ብላ ዝርዝሩን ወደ ታች ሳበችው፤ መልሳ ወደ ላይ ሳበችው። አሁን ጠቁሯል። ደግማ ሳበችው። ጥቁሩ ከአባቷ ላይ ተነስቶ የኃይለ ሚካኤል እህት ላይ ዐረፈ። አንዴ ደግሞ ብትስበው የጋሼ ሣህለ ማርያም ልጅ «አርፈዋል» ሆነ፤ ልጁ ከሾፌሩ ጎን ተቀምጦ ሙዝ ይበላል።

ሳቀች። ሳቋ ከሆዷ የወጣ ነበር። አውቶቡሱ በሙሉ ዞሮ አያት። እትዬ ይርጋነሽ አማተቡና «ሐዘኑ አዞራት፤ ጠበል ያለው ማነው?» አሉ።

«ስህተት ነው!» አለች ወይንእሸት። «የእኔ ስህተት ነው! አልሞቱም!»

 እሷ ወደ እትዬ ይርጋነሽ ዞረች። «እትዬ፣ እድሩ መቶ ሳሕን ቢኖረውና ሦስት መቶ ሰው ቢመጣ ምን ያደርጋሉ?»

«የተበላበት ታጥቦ ለሌላው ይዞራል እንጂ፣ ሌላ ምን ይደረጋል።»

«ስልኩም እንደዚያ ነው። ለሁሉም ሰው የሚበቃ መስመር የለውም። ስክሪኑን የሚሞሉ ጥቂት መስመሮች ብቻ አሉት። ወደ ላይ ያለፈውን መስመር አንስቶ፣ ስሙን ቀይሮ፣ ከታች ያመጣዋል። እኔ ሰው ከሞተ መስመሩን አጥቁረው ብዬ ጻፍኩ። ላልሞተውስ? ላልሞተው ምንም አልጻፍኩም። ስለዚህ ጥቁሩም፣ አርፈዋል የሚለው ቃልም እንዳሉ ለቀጣዩ ይዞራሉ።»

«በስመ አብ!» አሉ እትዬ ይርጋነሽ። «ሳሕኑን ሳታጥቢ አዞርሽዋ!»

«ስትሞክሪው ይህን አላየሽም?» አልኳት እኔ፤ ደሜ ፈልቷል።

«ስሞክረው ስሞቹ ጥቂት ነበሩ። ሁሉም ስክሪኑ ላይ ስለሚገቡ ምንም የሚዞር አልነበረም።»

ደስታው ግን ብዙ አልቆየም። ጋሼ ሣህለ ማርያም ጉሮሯቸውን ጠረጉና «ጥሩ፤ ስልኩ ሊሳሳት ይችላል» አሉ። «ግን ስልኩ ስለተሳሳተ አባትሽ አልሞቱም ማለት ነው? አለበልስ ለምን ደበቀን?»  ግንደወይን ስንደርስ ኔትወርክ መጣ። ወይንእሸት አባቷ ጋ ደወለች፤ ያንን ቁጥር ስትነካው ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ነው። ስልካቸው ዝግ ነው። ቁጥሩን ከኃይለ ሚካኤል ተቀብላ አለበል ጋ ደወለች።

«ወልደ ኪዳን አባቴ ናቸው። እውነቱን ይንገሩኝ፣ አባቴ ደህና ናቸው?»

«ደህና ናቸው እኮ!» አለ አለበል፤ ግራ ገብቶታል። «ምን ሆናችሁ ነው ከትናንት ጀምሮ?»

ስልኩን ዘጋችና ፊቷን በሁለት እጇ ሸፈነች። «አየህ ሰማው» አለችኝ፣ «ቢሞቱም ለእኔ እንዲህ ነው የሚለኝ።» እውነቷን ነው። ለሐዘንተኛ ልጅ በስልክ «አዎ ሞተዋል» የሚል ሰው እስካሁን አልተፈጠረም። የሞጣ ሰው ሁሉ ተራ በተራ ደውሎ «በሕይወት አሉ» ቢላትም ልታምን አትችልም ነበር። የጻፈችው የአፑ ኮድ አልሞቱም ይላታል፤ ኮዱን የሚያውቀው ጭንቅላቷ ነው። ሆዷ ግን ጎህ ሲቀድ በሯ ላይ የቆመውን ሰው ነው ያመነው።

ከዚያ ወዲያ ያለው መንገድ ጭቅጭቅ ነበር። ሞተው ከሆነና ዝም ብለን ብንገባ የእድራችን ስም ይጠፋል። በሕይወት ኖረው እያለቀስን ብንገባ ደግሞ ሟርት ነው። ሴቶቹ ነጠላውን ይገለብጡታል፣ መልሰው ያዘቀዝቁታል። በመጨረሻ ጋሼ ሣህለ ማርያም ፈረዱ፦ በር ላይ እስክንደርስ ማንም እንዳያለቅስ፣ ማንም እንዳይስቅ። ወይንእሸት የሰማችም አይመስልም። «አንድ ቀን ብቻ ይስጠኝ» እያለች ትጸልያለች። «አንድ ቀን ብቻ።»

ሞጣ ስንገባ ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ከአውቶቡሱ ወርደን በእግራችን ወደ ሰፈራቸው አዘገምን። ድንኳን የለም። የተሰበሰበ ሰው የለም። «ቀብሩ አልቆ ይሆን?» ብሎ አንዱ ሲያንሾካሽክ በክርኔ ጎነጥኩት። አጥሩ ጋ ስንደርስ ከግቢው ውስጥ ድምፅ ተሰማ፤ እንጨት ላይ የሚሄድ መላጊያ፣ ሳብ፣ መለስ፣ ሳብ፣ መለስ። ወይንእሸት ባለችበት ቆመች። ያንን ድምፅ ሰምታ ነው ያደገችው። 

አቶ ወልደ ኪዳን በሩን ሲከፍቱ ፀጉራቸው ላይ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቁጡ ሽማግሌ ናቸው። ያንን ሁሉ ሐዘንተኛ ከላይ እስከ ታች አዩ።

«ማን ሞተ?» አሉ።

ሁሉም ወደ ጋሼ ሣህለ ማርያም ዞረ፤ ጋሼ ሣህለ ማርያም ወደ መሬት። እትዬ ይርጋነሽ ግን ከብቸና ጀምሮ ያፈኑት ነገር ስለነበር ሊችሉት አልቻሉም። «እርስዎ!» ብለው ጮኹ፤ ወዲያውም እልልታቸውን አቀለጡት። የሞጣ ጎረቤት ሰርግ ነው ብሎ ከየቤቱ ወጣ።

ሽማግሌው የሰሙት አልመሰለኝም። ከሰዉ ኋላ የቆመችውን ልጃቸውን አይተዋል። ነጠላዋ እንደተዘቀዘቀ ነው፣ ዓይኗ አብጧል። ሄዳ እግራቸው ላይ ወደቀች። ቆመው አዩዋት፤ ከዚያ እሳቸውም ጎንበስ አሉና የሚያደርጉትን ስላጡ ከትከሻዋ ላይ የመንገዱን አቧራ ማራገፍ ጀመሩ።

ግቢው ውስጥ ገብተን በየሳንቃው ላይ ተቀመጥን። ስልካቸው የተዘጋው ሞጣ መብራት ጠፍቶ ባትሪው ስላለቀ ነበር፤ ነገሩ ይኸው ብቻ ነው። ጋሼ ሣህለ ማርያም ይቅርታ ጠየቁ፣ እኔም ጠየቅሁ። ሽማግሌው ግን ሰዉን ነበር የሚያዩት። «ይህ ሁሉ ሰው ለእኔ ነው የመጣው?» አሉ። «ለልጅዎ ነው» አሉ ጋሼ ሣህለ ማርያም። «ብቸና ላይ ለሁላችንም ልጃችን ናት።» ሽማግሌው ይህን የሚያውቁ አልመሰለኝም።

ወይንእሸት ላፕቶፗን ይዛ መጥታ ነበር። ለቅሶ ላፕቶፕ የሚይዝ ሰው ከእሷ በቀር አላውቅም፤ የእጅ ቦርሳዋ ሆኗል። አባቷ ጎን ተቀምጣ ከፈተችና ስህተቱን አሳየቻቸው፣ የሳሕኑን ነገርም ነገረቻቸው። ከዚያ እዚያው ቁጭ ብላ የጎደለውን ጻፈች፤ አንድ መስመር ናት። የሞተ ከሆነ አጥቁረው፤ ካልሆነ ጥቁሩን አጥፋው። አባትየው መነጽራቸውን አድርገው ጣቶቿን እንጂ ስክሪኑን አላዩም።

«ያን ቀን ድንኳን ውስጥ የተናገርኩት» አሉ ድንገት፣ ድምፃቸው ሻክሮ። «ሐኪሙ እናትሽ እንደማትድን ቀድሞ ነግሮኝ ነበር። ነርስ ብትሆኚም አትድንም ነበር። አውቄ ነው የተናገርኩት። ሐዘኔን የማወርድበት ሰው አጥቼ ባንቺ ላይ አወረድኩት።»

 ሁላችንም ሰማይ ሰማይ አየን።

«ታዲያ ይህ መሣሪያ ባይሳሳት ኖሮ አትመጪም ነበር?» አሏት ቆይተው።

ልጅቱ መዋሸት አትችልም። «አልመጣም ነበር፣ አባዬ።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ቅር ያላቸው አይመስልም፤ ዋጋ እንደሚያሰላ ሰው ነው ያሰቡበት። ከዚያ ወደ ላፕቶፑ በጣታቸው ጠቆሙ።

«እንግዲህ የሌላውን ሁሉ አስተካክዪው» አሉ። «የእኔን ግን እንደ ጠቆረ ተዪው።»

ወይንእሸት ላፕቶፑን ዘጋችና ጭንቅላቷን ትከሻቸው ላይ ጣለች። እሳቸው መላጊያቸውን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው ጎን ላይ አስቀመጡ።

ከሰዓት በኋላ ሾፌሩ ጡሩምባውን ነፋ። አንድ በአንድ ተሰናብተን ወጣን፤ ሴቶቹ ነጠላቸውን ወደ ሰላሙ ጊዜ አለባበስ መልሰው፣ ወንዶቹ እየተነታረክን። ጋሼ ሣህለ ማርያም ኃይለ ሚካኤልን «አንተ ነህ የመዘገብከው ብዬ እኮ ነው» ይላሉ፤ እሱም መልሶ ያንኑ ይላቸዋል። ወይንእሸት በሩ ላይ ቆማ እጇን አወዛወዘችልን። ሱቁን እንድከፍትላት፣ ዘፈኑንም እንድቀንሰው አዘዘችኝ። መቼ እንደምትመለስ አልጠየቅኳትም። አውቶቡሱ ሲነሳ ከጎኔ ያለው የእሷ ወንበር ባዶ ነበር፤ ጋቢዬን አጥፌ አስቀመጥኩበት።